ኦክስጅን በሲሊንደር፣ በኮንሰንትሬተር ወይስ በፕላንት? ለደሴና ለኮምቦልቻ የጤና ተቋማት የወጪ ንጽጽር

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚያደርሰው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ኦክስጅን ለሚገዛ የጤና ተቋም ይህ ልዩነት በቀጥታ ወደ ብር ይመነዘራል። ከአየር ላይ ኦክስጅን ለይተው የሚያወጡ፣ በመብራት የሚሠሩ አንዳንድ ኮንሰንትሬተሮች የአምራች ዋስትናቸው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ዋጋ፣ ከአንድ አስመጪ፣ በአንድ ቀን ከተገዙ ሁለት መሣሪያዎች አንዱ ኮምቦልቻ ላይ በሙሉ ዐቅሙ ሲሠራ ሌላው ደሴ ላይ ለሕመምተኛ የማይበቃ ኦክስጅን ሊያወጣ ይችላል። ፕሮፎርማው ላይ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው።

ንጽጽሩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የመግዣ ዋጋ ይነጻጸራል፤ ሕመምተኛው አፍንጫ ድረስ የደረሰ አንድ ሺህ ሊትር ኦክስጅን ስንት እንደፈጀ ግን አይሰላም። እዚህ የምናሳየው ስሌት ለመካከለኛ ክሊኒክ፣ ለጤና ጣቢያና ለመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚሆን ነው። የፋይናንስ ኃላፊው ብቻውን ሊሠራው አይችልም፤ የባዮሜዲካል ባለሙያውና የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ነርስ አብረው መቀመጥ አለባቸው።

መጀመሪያ ሊትሩ ይቆጠር

አልጋ ቆጥሮ ኦክስጅን መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው። መቆጠር ያለበት ፍሰት ሲባዛ በሰዓት ነው። የ30 ቀን መዝገብ ይውሰዱ፤ ኦክስጅን ላይ ለነበረ እያንዳንዱ ሕመምተኛ በደቂቃ ስንት ሊትር፣ ለስንት ሰዓት እንደተሰጠው ይጻፉ። ሊትሩን በ60 ደቂቃ፣ ከዚያም በሰዓቱ ብዛት አባዝተው ይደምሩ።

ለመነሻ ያህል፣ ጨቅላ ሕፃን በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ ከግማሽ እስከ 1 ሊትር፣ ትንሽ ልጅ እስከ 2 ሊትር፣ አዋቂ ከ1 እስከ 6 ሊትር ይወስዳል። ከረጢት ያለው የፊት ጭምብል ሲደረግ ግን 10 እስከ 15 ሊትር ይደርሳል። በደቂቃ 15 ሊትር የሚወስድ አንድ አዋቂ በ24 ሰዓት 21600 ሊትር ይጨርሳል፤ ይህ ከሦስት ተኩል በላይ ትልልቅ ሲሊንደሮች ማለት ነው። እንዲህ ያለ አንድ ሕመምተኛ የወሩን አማካይ እንዳለ ስለሚለውጠው ለብቻው ተለይቶ ይመዝገብ።

ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል። አማካዩ ለወጪ ስሌት ነው፤ ከፍተኛው ደግሞ ስንት መሣሪያ እንደሚገዛ ለመወሰን ነው። ደሴ ላይ ብርዱ በሚጠናባቸው ወራት የሳንባ ምች ታማሚ ሲበዛ የተመዘገበውን ከፍተኛ ቁጥር ከሌሎቹ ወራት አማካይ ጋር ቀላቅሎ መያዝ ሁለቱንም ስሌት ያበላሻል።

አንድ ነገር እናክል። «ባለፈው ወር 12 ሲሊንደር ጨርሰናል፤ ፍላጎታችን 12 ነው» የሚለው አነጋገር አያስተማምንም። ሲሊንደር ባለቀባቸው ቀናት ሕመምተኛ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተልኮ ከሆነ ፍላጎቱ ከ12 በላይ ነበር። የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ሬጉሌተር ያፈስ ከነበረ ደግሞ ከ12 በታች ነበር።

ሲሊንደር

በብዛት የሚገኘው ትልቅ ሲሊንደር የ40 ሊትር ብረት ሲሆን በ150 ባር ግፊት ይሞላል። በውስጡ ያለው ጋዝ የሁለቱ ብዜት ነው፤ 40 ሲባዛ በ150፣ 6000 ሊትር። በደቂቃ 5 ሊትር ሲሰጥ 20 ሰዓት ይቆያል። እስከ መጨረሻው ጠብታ ግን አይሟጠጥም፤ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 15 ባር አካባቢ ሲደርስ ስለሚቀየር በእርግጥ የሚጠቅመው 5400 ሊትር ያህል ነው። ሂሳቡ በዚህ ቁጥር ይሠራ።

ርክክብ ላይ ጌጁን ሳያዩ መፈረም የለም። 120 ባር ይዞ የመጣ ሲሊንደር 4800 ሊትር ብቻ ነው ያለው፤ ሙሉ ዋጋ ከተከፈለበት 20 በመቶው ተበልቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጌጁ ስለ ሙቀትም እንደሚናገር ማወቅ ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ላይ ቀትር በ30 ዲግሪ 150 ባር ያሳየ ሲሊንደር ደሴ ላይ ማለዳ በ10 ዲግሪ ሲታይ 140 ባር አካባቢ ይሆናል። ጋዙ አልጎደለም፤ ስለቀዘቀዘ ግፊቱ ወረደ እንጂ። በዚህ ምክንያት ከሾፌር ጋር መጋጨት ተገቢ አይደለም። ውሉ ላይ «በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 150 ባር» ተብሎ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ወገን የሚተማመንበት ልክ ይኖራል።

ትልቁ ድብቅ ወጪ ማፍሰስ ነው። በደቂቃ ግማሽ ሊትር የሚያፈስ መገጣጠሚያ በቀን 720 ሊትር ያጠፋል፤ ከሙሉው 6000 ሊትር 12 በመቶ ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፤ የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያው ላይ ይቀባና ይታያል። ቅባት፣ ግሪስ ወይም የእጅ ሎሽን ግን በፍጹም አይነካውም፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከቅባት ጋር ሲገናኝ ይቀጣጠላል። ሬጉሌተር ሲገዛም የሲሊንደሩ ቫልቭ ዓይነት አስቀድሞ ይታይ። የማይገጥም ሬጉሌተር ተገዝቶ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚቀመጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በጎማና በክር አጥብቆ ለማስገጠም መሞከር ደግሞ አደጋ ነው።

የሰው ጉልበትም ይቆጠር። አንዱ ሲሊንደር ባዶውን 50 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ማውረድ፣ መግፋት፣ በሰንሰለት ማሰርና መልሶ መጫን ሁለት ሰው ይፈልጋል። የሞላና ባዶ ሲሊንደር በአንድ ቦታ ሳይለይ ሲቆም ሌሊት ላይ የሚከፈለው ዋጋ በብር አይተመንም። ለብረት ቆረጣና ለብየዳ የሚሞላ ኦክስጅን ኮምቦልቻ ባሉ የብረታ ብረት ቤቶች ይገኛል፤ በርካሽነቱ ተስቦ ያንን ለሕክምና ማዋል አይቻልም። የሲሊንደሩ የውስጥ ንጽሕናም ሆነ የአሞላሉ ቁጥጥር የተለየ ነው።

ኮንሰንትሬተር

መሣሪያው አየር ስቦ ይጨምቅና ዚዮላይት በተባለ ማዕድን በተሞሉ ሁለት ዓምዶች ውስጥ ያሳልፈዋል። ዚዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዛል፤ ኦክስጅኑ ያልፋል። አንዱ ዓምድ ሲሠራ ሌላው የያዘውን ናይትሮጅን ይተፋል። ደኅና መሣሪያ 93 በመቶ አካባቢ ንጽሕና ያወጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ አድርጎ ያስቀመጠው 82 በመቶ ነው።

ከፍታ የሚገባው እዚህ ነው። ደሴ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 74 በመቶ ያህል፣ ኮምቦልቻ ላይ 80 በመቶ ያህል ነው። መጭመቂያው በአንድ ዙር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፤ ዓምዶቹ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ይወርዳል፤ ዚዮላይቱ የሚይዘው ናይትሮጅን ያንሳል፤ የተረፈው ናይትሮጅን ከኦክስጅኑ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሕመምተኛው ይሄዳል። ፍሰት የሚለካው ፍሎውሜትር ግን «5 ሊትር» ማለቱን አያቆምም። ነርሷ የምታየው ቁጥር ያው ነው፤ ሕመምተኛው የሚያገኘው ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ በመጠቀሚያ መጽሐፉ ውስጥ የሥራ ከፍታ የሚለው መስመር ይፈለግ። 2000 ሜትር የሚል ከሆነ ለኮምቦልቻ ይሆናል፤ ለደሴ አይገዛም። 3000 ወይም 4000 የሚል ከሆነ ደግሞ በዚያ ከፍታ ላይ በስንት ሊትር ፍሰት ስንት በመቶ እንደሚያወጣ በጽሑፍ ይጠየቅ። አንድ የ5 ሊትር መሣሪያ ደሴ ላይ በቂ ንጽሕና የሚያወጣው በ3 ሊትር ፍሰት ብቻ ቢሆን፣ በወጪ ስሌት የ3 ሊትር መሣሪያ ነው። ለአንድ ሊትር ፍሰት የሚወጣው የመግዣ ዋጋ በ67 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። በርካሽ የተገኘው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ውድ የሚሆነው በዚህ በኩል ነው።

የ5 ሊትሩ መሣሪያ 350 ዋት አካባቢ፣ የ10 ሊትሩ 600 ዋት አካባቢ ይወስዳል። አምስት ሊትሩን ቀንና ሌሊት ብናሠራው በቀን 8.4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በምላሹ 7200 ሊትር ይሰጣል። ከአንድ ሲሊንደር ይበልጣል።

የሚያበላሹት ነገሮች ይታወቃሉ። አንደኛው የመብራት መዋዠቅ ነው፤ ስታቢላይዘር ሳይገዛ መሣሪያውን መሰካት የመጭመቂያውን ሞተር ለማቃጠል መፍቀድ ነው። ሁለተኛው አቧራ ነው። የውጭው ማጣሪያ በሳምንት አንዴ በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይመለስ፤ አስፋልት ባልደረሰበት መንገድ ዳር ላለ ክሊኒክ በሳምንት ሁለቴ ይሁን። እርጥብ ማጣሪያ መመለስ ካለማጠብ ይብሳል፤ እርጥበት የገባበት ዚዮላይት ናይትሮጅን መያዝ ያቆማልና። ሦስተኛው ቦታው ነው፤ ከግድግዳና ከመጋረጃ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። የቡና ከሰልና ዕጣን ደግሞ ኦክስጅን ያለበት ክፍል ውስጥ አይጨስም፤ አስታማሚ ለበጎ ብሎ ይዞ ቢመጣም በትሕትና ይመለስ።

የኦክስጅኑን ንጽሕና የሚለካ አናላይዘር ሳይኖር ኮንሰንትሬተር መግዛትን አንመክርም። በጀት ከጠበበ አንድ መሣሪያ ቀንሶ አናላይዘር መግዛት ይሻላል። በወር አንዴ የእያንዳንዱ መሣሪያ ንጽሕና ተለክቶ ከሰዓት ቆጣሪው ንባብ ጋር ይጻፍ። ከ93 ወደ 90፣ ከ90 ወደ 86 እያለ የሚወርድ መሣሪያ ጥገና የሚፈልግበትን ወር አስቀድሞ ይናገራል።

ፕላንት

የኦክስጅን ማምረቻ ፕላንት በዚሁ በዚዮላይት መንገድ የሚሠራ ትልቅ ኮንሰንትሬተር ነው። ለሪፈራል ሆስፒታል ወይም በስምምነት ተሰብስበው ለሚጠቀሙ ተቋማት እንጂ ለአንድ ክሊኒክ አይደለም። ምክንያቱ አጠቃቀሙ ነው። በሰዓት 20 ሜትር ኩብ የሚያመርት ፕላንት በቀን 480 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 80 ትልልቅ ሲሊንደሮች መሙላት ይችላል። ከዐቅሙ ሩቡን ብቻ ከሠራ በእያንዳንዱ ሊትር ላይ የሚወድቀው ቋሚ ወጪ አራት እጥፍ ይሆናል። ሦስት ፌዝ መብራት፣ ቋሚ ቴክኒሻን፣ የአየር ማድረቂያና የዘይት ማጣሪያ መለዋወጫ ያስፈልገዋል። ደሴና ኮምቦልቻ በጋራ የሚገለገሉበት ፕላንት ይተከል ከተባለ ቦታው ላይ መከራከር ይገባል፤ ያው መጭመቂያ ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ሰዓት 7 በመቶ ገደማ የበለጠ አየር ያገኛል፤ በአንጻሩ ሲሊንደሩ ሐረጎን ሽቅብ መጫን አለበት። ለማን ብዙ ሲሊንደር እንደሚሄድ ሳይታወቅ ቦታ መምረጥ አይቻልም።

ስሌቱ

የሚከተሉት ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ በየቦታቸው ትክክለኛው ይግባ። አጠቃቀሙ በአማካይ በደቂቃ 3 ሊትር የሆነ ክሊኒክ እንውሰድ። በቀን 4320 ሊትር፣ በወር 129.6 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ5.4 ስናካፍለው 24 ሲሊንደር ነው።

በሲሊንደር ብቻ። መሙያ 1200 ብር፣ ማጓጓዣና ጫኝ አውራጅ 250 ብር፣ በድምሩ 1450። በ24 ሲባዛ 34800 ብር በወር። ዙሩን ለማንቀሳቀስ 10 የራስ ሲሊንደር ያስፈልጋል እንበል፤ አንዱ 25000 ብር፣ ጠቅላላ 250000። ይህን የአንድ ወር ወጪ አድርጎ መጻፍም፣ ጭራሽ አለመጻፍም ስሕተት ነው። በ20 ዓመት ዕድሜና በ15 በመቶ ወለድ ወደ ዓመታዊ ወጪ ይለወጣል፤ ማካፈያው 6.259 ነው (ቀመሩ ከታች አለ)። በወር 3329 ብር ይመጣል። ድምር 38129 ብር።

በኮንሰንትሬተር፣ በሲሊንደር መጠባበቂያ። ሁለት የ5 ሊትር መሣሪያ 300000፣ ሁለት ስታቢላይዘር 30000፣ አናላይዘር 40000፤ ጠቅላላ 370000 ብር። ዕድሜው 5 ዓመት ቢሆን ማካፈያው 3.352 ነው፤ በወር 9199 ብር። መብራት፦ አንዱ ሙሉ ጊዜ፣ ሌላው ግማሽ ጊዜ ቢሠራ 378 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ8 ብር 3024። ጥገና በዓመት የመሣሪያው ዋጋ 10 በመቶ፣ በወር 2500። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግሉ በወር 3 ሲሊንደሮች 4350፤ ለዚሁ የተገዙ 4 የራስ ሲሊንደሮች በወር 1331። ድምር 20404 ብር።

ማካፈያው ከየት መጣ ለሚል፣ ቀመሩ ይህ ነው፦ 1 ሲካፈል በ1.15 የዓመቱ ቁጥር ያህል ለራሱ ተባዝቶ፤ የተገኘው ከ1 ይቀነሳል፤ ቀሪው በ0.15 ይካፈላል። ኤክሴል ላይ አንድ መስመር ነው። አንድ ጥንቃቄ አለው፤ 15 በመቶው የዋጋ ንረትን የያዘ የባንክ ወለድ ሲሆን የመብራቱና የሲሊንደሩ ዋጋ ግን በዛሬው ልክ ቆሟል። ይህ አያያዝ ቀድሞ ብዙ ገንዘብ በሚጠይቀው መሣሪያ ላይ ያከብዳል። መሣሪያው በዚህም ሁኔታ ካሸነፈ ውጤቱ ይታመናል። ለጥቂት ከተሸነፈ ግን የዋጋ ንረቱ ከወለዱ ተቀንሶ እንደገና ይሠራ።

ሁለቱ ወጪዎች እኩል የሚሆኑበት መቁረጫ የት ነው? የመሣሪያው ቋሚ ወጪ፣ ዓመታዊ ክፍያውና ጥገናው፣ በወር 11699 ብር ነው። በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ኦክስጅን ሲሊንደር 268.5 ብር፣ መሣሪያው በመብራት 23 ብር ገደማ ይፈጃሉ፤ ልዩነቱ 245 ብር። 11699ን በ245 ስናካፍል 48 ሜትር ኩብ ያህል፣ ማለትም 9 ሲሊንደር ይሆናል፤ ለመጠባበቂያ የሚቀረው ሲታሰብ 10። በእነዚህ ዋጋዎች በወር ከ10 ሲሊንደር በታች የሚጠቀም ክሊኒክ ሲሊንደሩን ይዞ ቢቆይ አይጎዳም። ከዚያ በላይ የሚጠቀም በየወሩ ገንዘቡን እያፈሰሰ ነው።

ስሌቱ በምን ይገለበጣል

የመሣሪያው ዕድሜ ከሁሉ ይበልጣል። ስታቢላይዘር የሌለው፣ ማጣሪያው የማይታጠብ ኮንሰንትሬተር 2 ዓመት ብቻ ቢቆይ ማካፈያው 1.626 ስለሚሆን ወርሃዊ ድርሻው ከ9199 ወደ 18963 ብር ይዘላል። ጠቅላላው 30168 ይሆናል። አሁንም ከሲሊንደር ያንሳል፤ ግን አጠቃቀሙ በወር ወደ 12 ሲሊንደር ቢወርድ ይሸነፋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ማጣሪያ ማጠብ በወር ወደ 10 ሺህ ብር የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው።

ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ መጭመቂያ፣ ዚዮላይትና ቫልቭ የመሰሉ መለዋወጫዎች በድሮ ዋጋ አይታሰቡም። የጥገናውን 10 በመቶ ወደ 20 ከፍ አድርጎ መሞከር ያስፈልጋል። የመብራት ታሪፍም እንዲሁ፤ ግን 8 ብሩን ወደ 16 ብናሳድገው እንኳ ጭማሪው በወር 3024 ብር ብቻ ነው፤ ውሳኔውን አይገለብጥም። በየትኛው ቁጥር ላይ ጊዜ ማጥፋት እንደሚገባ የሚያሳየው እንዲህ ያለው ሙከራ ነው።

በእርዳታ የተገኘ መሣሪያ ነጻ ነው የሚል አስተሳሰብም ይታረም። መግዣው ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ መብራቱ፣ ጥገናው፣ የሚተካበት ዓመት ግን ይቆጠራሉ። ከፍታው 2000 ሜትር የሚል መሣሪያ በስጦታ ደሴ ቢመጣ በትሕትና ለኮምቦልቻ ማስተላለፍ ከመቀበል ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ

ሦስት ሰዓት ለሚጠፋ መብራት አንድ የ5 ሊትር መሣሪያ 1050 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲጨመር 1235 ያህል። ተራ የመኪና ዓይነት ባትሪ ከግማሽ በላይ ካወጡት ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ሁለት ባትሪ ጫፍ ላይ ነው፤ ሦስት ይያዝ። ሊቲየም ከሆነ 1500 ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ዋጋው ይከብዳል፣ ዕድሜው ግን ይረዝማል። ኢንቨርተሩ ንጹሕ ሞገድ የሚሰጥ ይሁን፤ ሞተሩ ሲነሣ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ስለሚስብ 400 ዋት ኢንቨርተር አይችለውም።

ጄኔሬተር ላይም ከፍታ አለ። ተርቦ የሌለው ሞተር ከመጀመሪያዎቹ 300 ሜትር በኋላ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል ተብሎ ይሰላል። 10 ኬ.ቪ.ኤ. የሚል ጄኔሬተር ኮምቦልቻ ላይ 8.5፣ ደሴ ላይ 7.8 ያህል ይሰጣል። ኦክስጅን ብቻውን ትንሽ ነው፤ ግን ላቦራቶሪው፣ ፍሪጁና መብራቱ አብረው ተሰክተው ሲገኙ ጄኔሬተሩ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ምንም ያህል ባትሪና ጄኔሬተር ቢኖር የሞላ ሲሊንደር ከክፍሉ አይጥፋ። በተገላቢጦሹም በሲሊንደር ብቻ መተማመን አይገባም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እንደታየው መንገድ ሲዘጋ ማንም የሚሞላ የለም። ሁለት የተለያየ ምንጭ መያዝ ወጪ ነው፤ የሚገባውም ወጪ ነው።

በሊትር ርካሽ መሆን በሕይወት ርካሽ መሆን አይደለም

እስካሁን ያሰላነው ኦክስጅን ለማቅረብ የሚወጣውን ብር ነው። ዓላማው ግን ኦክስጅን ያነሰውን ሰው ማግኘትና ማዳን ነው። ለዚህ መለኪያው የተጨማሪ ወጪና የተጨማሪ ጥቅም ንጽጽር ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ክሊኒክ በሲሊንደር ብቻ በዓመት 300000 ብር አውጥቶ ኦክስጅን ከሚያስፈልጋቸው 200 ሰዎችን በአግባቡ ያክማል። ኮንሰንትሬተርና በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ሙሌት የሚለካ ፐልስ ኦክሲሜትር ቢጨምር ወጪው 360000፣ የሚታከሙት 320 ይሆናሉ። ተጨማሪ 60000 ብር ለ120 ሰው፤ በሰው 500 ብር። ትንሽ ፕላንት ቢተከል ደግሞ 900000 ብር ወጥቶ 340 ሰው ይታከማል። እዚህ ላይ 900000ን በ340 አካፍሎ 2647 ብር ነው ማለት ያሳስታል። ከሁለተኛው አማራጭ በላይ የተገኙት 20 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የወጣው ተጨማሪ 540000 ብር ነው፤ በሰው 27000 ብር። በዚያ ገንዘብ ተቋሙ ሌላ ምን ይሠራበት እንደነበር መጠየቅ ያለበት አሁን ነው።

ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚያወጣው ትንሹ ዕቃ ነው፤ ፐልስ ኦክሲሜትር። ድንገተኛ ምልክት ለማይታይበት ልጅ ኦክስጅን የሚጀመረው በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሙሌቱ ከ90 በመቶ ሲወርድ ነው፤ ይህን ዓይን አይቶ አይለየውም። ያለ ኦክሲሜትር ለማያስፈልገው ይከፈታል፣ የሚያስፈልገው ይታለፋል፣ የተሻለው ሰውዬም ቱቦውን እንደያዘ ያድራል። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ በ5 ሆስፒታሎች ኮንሰንትሬተርና ፐልስ ኦክሲሜትር ከሥልጠና ጋር ሲገቡ በሳንባ ምች የሚሞቱ ሕፃናት ድርሻ በ35 በመቶ ቀንሷል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ለአንድ ከሕመምና ከሞት ለተረፈ የጤና ዓመት 50 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደወጣ አስልቷል። መሣሪያው፣ መለኪያውና ሥልጠናው አብረው ነበሩ፤ አንዱን ነጥሎ ገዝቶ ያንን ውጤት መጠበቅ አይቻልም። ሙሌቱ በየ6 ሰዓቱ ተለክቶ ፍሰቱ ሲቀነስ የሚተርፈው ኦክስጅን ራሱ የኦክሲሜትሩን ዋጋ ይመልሳል፤ በቀን ለ8 ሰዓት ሳያስፈልግ የተከፈተ 3 ሊትር 1440 ሊትር፣ ከሲሊንደሩ የሚጠቅም ጋዝ ሩብ በላይ ነውና።

ከመክፈል በፊት

ከግል አስመጪም ይገዛ፣ በመንግሥት አቅርቦት በኩል ይምጣ፣ መሣሪያው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑ ይረጋገጥ። ውሉ ውስጥ ሦስት ነገር በቁጥር ይግባ፦ የተቋሙ ከፍታ በሜትር፣ በዚያ ከፍታ በሙሉ ፍሰት የሚጠበቀው ዝቅተኛ ንጽሕና፣ እንዲሁም ጥሪ ከተደረገ ስንት ቀን ውስጥ ቴክኒሻን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ እንደሚደርስ። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ «ዋስትና አለው» ማለት መሣሪያውን ተሸክመው ይምጡ ማለት ከሆነ የማጓጓዣው ወጪ ስሌቱ ውስጥ ይግባ። የማጣሪያ፣ የፊውዝና የቱቦ የሁለት ዓመት መለዋወጫ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይጠየቅ፤ ለብቻው ሲመጣ ይወደዳል።

ከክፍያው 20 በመቶ ያህል ይያዝ። መሣሪያው አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ሳይሆን በሚሠራበት ክፍል፣ በተቋሙ መብራትና በተቋሙ ስታቢላይዘር ይነሣ። ግማሽ ሰዓት ከሞቀ በኋላ በ1፣ በ3 እና በ5 ሊትር ፍሰት ንጽሕናው ይለካ፤ እያንዳንዱ ለ10 ደቂቃ ተረጋግቶ። ከዚያ በ5 ሊትር ለ24 ሰዓት ሳይቋረጥ ይሥራና በመጨረሻው ሰዓት እንደገና ይለካ። አስመጪው «5 ሊትር ላይ 88 በመቶ፣ 3 ሊትር ላይ 93 በመቶ» የሚል ወረቀት ላይ ከፈረመ ተቋሙ የገዛው ምን እንደሆነ ያውቃል። አናላይዘሩ 79 በመቶ ካሳየ መሣሪያው እዚያው ታሽጎ ይመለሳል፤ የተያዘው 20 በመቶም አይለቀቅም።